ከፕሮስቴት ኦፕሬሽን በኋላ ሽንታችሁ አሁንም ለሚያመልጣችሁ

ይህን የምጽፈው ኦፕሬሽኑ ለተሳካላቸው ወንዶች ነው። ዕጢው ወጥቷል፣ ውጤቱ ጥሩ ነው፣ ሰው ሁሉ "እንኳን ፈጣሪ ማረህ" ይላቸዋል። እነሱ ግን ከወንበር በተነሱ ቁጥር ሽንት ጠብ ይልባቸዋል፤ ይህንንም አውጥተው መናገር ከብዷቸዋል። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። አሁን በጣም ተሽሎኛል፣ ግን ጨርሻለሁ አልልም። ብዙ የምቆምበት ወይም ዕቃ የማነሳበት ቀን ከሆነ ስስ ፓድ አድርጌ ነው የምወጣው።

"ጊዜ ይፈልጋል" የሚለውን ከሐኪም እስከ ጎረቤት ሁሉም ይነግራችኋል። እውነት ነው። ግን ብቻውን አይበቃም። ስንት ጊዜ? መጀመሪያ የሚሻለው የቱ ነው? ዛሬ ከትናንት ቢብስ ምን ማለት ነው? እነዚህን የሚመልስልኝ ሳጣ ነበር ሌሊቱን ሳሰላስል የማድረው። የማገገሙን አካሄድ ከተረዳሁ በኋላ ሽንቱ በአንድ ጀምበር ቀጥ አላለም፣ ፍርሃቴ ግን በግማሽ ቀንሷል። ስለዚህ አካሄዱን እንደኖርኩበት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ውስጥ ምን እንደሆነ እንግባባ። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ነው ያለው፣ የሽንት ቧንቧም በመሃሉ ያልፋል። ሽንት እንዳይፈስ የሚይዙ ሁለት መዝጊያ ጡንቻዎች አሉ። ላይኛው የፊኛው አንገት ላይ ነው፤ ሳናዝዘው በራሱ ይሠራል። ታችኛው ከፕሮስቴት በታች ነው፤ እሱን ማዘዝ እንችላለን፣ ሽንት መጥቶ ቦታው ሳይመች ሲቀር አጥብቀን የምንይዘው በሱ ነው። ለካንሰር ተብሎ ፕሮስቴት ሙሉ በሙሉ ሲወጣ የላይኛው አብሮ ይነካል፣ ከዚያ ፊኛውና ቧንቧው እንደገና ይሰፋሉ። ዕድሜውን ሙሉ ረዳት ሆኖ የኖረው ታችኛው ጡንቻ አሁን ሥራውን ለብቻው ሊረከብ ነው። እሱም ቢሆን ደህና አይደለም፤ አካባቢው አብጧል፣ በዙሪያው ያሉት ነርቮችም ተጎትተዋል። ነርቭ ደግሞ ሲያገግም አይቸኩልም፣ ወራት ይፈጃል። ታዲያ በሁለተኛው ሳምንት ለምን አልደረቅሁም ብሎ ራስን ማሠቃየት ምን ይሉታል?

(ዕጢው ስላበጠ ብቻ በሽንት ቧንቧ በኩል ለተፋቀላችሁ ሰዎች ነገሩ ይለያል። እናንተ ላይ የሚበዛው ሽንት ድንገት አጣድፎ ሲያመልጥ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም በሳምንታት ውስጥ ይረግባል። የኔ ሙሉ በሙሉ የወጣበት ስለሆነ ከዚህ በታች የማወራው ስለሱ ነው።)

ካቴተሩ፣ ማለትም ከኦፕሬሽኑ በኋላ ሽንቱን ከፊኛ የሚያወጣው ቀጭን ቱቦ፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። እንዴት እንደምጠላው! የሚወጣበትን ቀን እንደ ትልቅ ነገር ነበር የጠበቅኩት። ከወጣ በኋላ ከአልጋው ወርጄ ቀጥ ስል ፈሰሰ። ማዘዝ የለ፣ መከልከል የለ። ነርሷ ቅንጣት አልደነገጠችም፤ "ጋሼ፣ ሁሉም ላይ የሚደርስ ነው፣ ፓድ ይዘዋል?" አለችኝ። ይዞ መምጣት እንደሚያስፈልግ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እናንተ ግን ለዚያ ቀን ወፍራም ፓድ ወይም የአዋቂ ዳይፐር፣ ቅያሪ የውስጥ ሱሪና ጠቆር ያለ ሰፊ ሱሪ ይዛችሁ ሂዱ። ካቴተር በወጣ ቀን ማምለጡ ኦፕሬሽኑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ሁሉም ማለት ይቻላል በዚያ ቀን ያመልጠዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መድረቅ ከሌሊት ነው የሚጀምረው። ተኝተን ሳለ ሆዳችን ፊኛውን አይጫነውም፣ ጡንቻውም ብዙ አይፈተንም። ስለዚህ ብዙ ሰው መጀመሪያ ደርቆ የሚነሳበት ጠዋት ያያል፤ ከአልጋ ሲወርድ ግን ያመልጠዋል። ቀጥሎ ቁጭ ብሎ መዋል ይሻሻላል። ከዚያ መራመድ። ከተቀመጡበት መነሳት፣ ማሳል፣ ማስነጠስ፣ መሳቅ፣ ዕቃ ማንሳት፣ እነዚህ መጨረሻ ላይ ነው የሚገራላችሁ። ከቀኑ ሰዓት ደግሞ ጠዋት ይቀድማል፣ አመሻሽ ይዘገያል። ታችኛው ጡንቻ ቀኑን ሙሉ ዘንቢል ተሸክሞ እንደዋለ ክንድ ነው፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ይዝላል።

ይህችን አመሻሽ ነገር ያላወቀ ሰው ይሰበራል። ጠዋት ደረቅ ነኝ ብሎ ደስ ብሎት ይውላል፣ ማታ ፓዱ ሲርስ "ይኸው ተመለሰብኝ" ይላል። አልተመለሰም፣ ደክሞ ነው። እኔ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ጋደም ማለት ስጀምር አመሻሹ ራሱ ተቃለለልኝ። ሥራ ላይ ያላችሁም ብትሆኑ፣ ቢያንስ ቆማችሁ የምትሠሩትን ነገር ወደ ጠዋት አምጡት፣ ከሰዓት በኋላውን ለወንበር ሥራ ተዉት።

ሌላው ደግሞ፣ ለውጡን በቀን አትለኩት። ዛሬን ከትናንት ጋር ካነጻጸራችሁ ታብዳላችሁ፣ ምክንያቱም አንድ ቀን ይሻላል፣ በነጋታው ይብሳል፣ ጉንፋን ሲይዛችሁ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ይበላሻል። እኔ የምለካው በወር ነበር። የፓድ ቁጥር ብቻ መቁጠርም ያታልላል፤ አንዱ ሰው ትንሽ ሲርስ ይቀይራል፣ ሌላው እስኪከብድ ይጠብቃል። የተሻለው መንገድ መመዘን ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ካላችሁ ደረቁን ፓድ መዝኑት፣ ከዚያ የአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት የረጠቡትን በፕላስቲክ ቋጥራችሁ መዝኑ፣ የደረቆቹን ክብደት ቀንሱ። አንድ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ይህን በወር አንዴ አድርጋችሁ ጻፉት። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ "ይሄ ሰውዬ ጨርሶ ለየለት" ብላ ስቃብኛለች። የፓዴ ቁጥር ምንም ሳይለወጥ ክብደቱ ግን በጣም እንደቀነሰ በወረቀት ላይ ሳሳያት ግን እሷም ዝም አለች። ሐኪሙም ያቺን ወረቀት ከኔ ብሶት በላይ ነው የወደዳት።

ይህን መዝጊያ ጡንቻ እየጨበጡ እየለቀቁ የሚያጠነክሩበት ስፖርት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ኬግል ይባላል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው "ኬግል እየሠራሁ ነው" ይላል፣ ሲጠየቅ ግን የሚጨብጠው መቀመጫውን ነው። ስሙ የመጣው ከአርኖልድ ኬግል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ለወለዱ ሴቶች ብሎ ያስተዋወቀው አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም። "የሴት ስፖርት ነው" እያላችሁ የምታፍሩ ካላችሁ እፍረታችሁን ተዉትና ሥሩ፤ ጡንቻው ወንድም ሴትም ላይ አለ።

ጡንቻውን ማግኘት ነው ከባዱ። እኔን ያስተማረችኝ ፊዚዮቴራፒስት ልጄ የምትሆን ሴት ናት፣ መጀመሪያ ቀን ከሷ ጋር ስለ ብልት ማውራት መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ያሰኘኝ ነበር። እሷ ግን ፍጹም ተራ ነገር እንደምታወራ ሁሉ "አባቴ፣ ብልትዎን ወደ ውስጥ ሊያሳጥሩት እንደፈለጉ አድርገው ይሳቡ፣ ቆለጥዎን ወደ ላይ እንደሚያነሱ" አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከዚያ በፊት ፈስ የሚይዘውን የኋላውን ጡንቻ ብቻ ነበር የምጨብጠው። እሱም ተባባሪ ነው፣ ሽንቱን የሚዘጋው ግን የፊተኛው ነው። መስታወት ፊት ራቁታችሁን ቁሙና ሞክሩ፤ በትክክል ከሠራችሁት የብልት ሥር ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቆለጥም ከፍ ይላል። ሆዳችሁ ከተወጠረ፣ ጭናችሁ ከተጣበቀ፣ መቀመጫችሁ ከጠነከረ፣ ትንፋሻችሁን ከያዛችሁ፣ ትክክል አይደለም። በተለይ ትንፋሽ መያዝና ወደ ታች መግፋት ነገሩን ጭራሽ ያብሰዋል፣ ምክንያቱም ፊኛውን ከላይ እየተጫናችሁት ነው።

እኔ የተሰጠኝ እንዲህ ነበር። ቀስ ያለው፦ ስቦ 5 ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ለቅቆ ቢያንስ ያንኑ ያህል ማረፍ፣ እየጠነከረ ሲሄድ ወደ 10 ሰከንድ ማሳደግ። ይህ 10 ጊዜ ነው፣ በቀን 3 ዙር። ከዚያ ፈጣኑ፣ ጭብጥ ልቅቅ፣ ጭብጥ ልቅቅ። መጀመሪያ ተኝቶ፣ ሲለመድ ቁጭ ብሎ፣ በመጨረሻ ቆሞ፤ የሚያመልጠን ቆመን ስለሆነ ቆሞ መሥራቱ ላይ መድረስ ግድ ነው። መልቀቁ የመያዙን ያህል ይጠቅማል። የማይለቅ ጡንቻ የደከመ ጡንቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ጨብጠው የሚውሉ አሉ፣ ማታ የበለጠ ይፈስሳቸዋል፣ ዳሌያቸውንም ያማቸዋል። ብዙ መሥራት ማለት ቶሎ መዳን ማለት አይደለም።

ሽንት እየሸናችሁ መሃል ላይ አቁሞ መለማመድን ልማድ አታድርጉት። ጡንቻው የቱ እንደሆነ ለማወቅ አንዴ መሞከር ይቻላል፣ ከዚያ በኋላ ግን ፊኛው ሙሉ በሙሉ እንዳይወጣለት ታደርጉታላችሁ። ካቴተር ገና ያልወጣላችሁም ስፖርቱን አትጀምሩ፣ እስኪወጣ ጠብቁ።

ከሁሉም በላይ ለኔ የሠራችው ዘዴ ግን ይህች ናት፦ ከማሳላችሁ በፊት ጨብጡ። ከመነሳታችሁ በፊት ጨብጡ። ልታስነጥሱ አፍንጫችሁን ሲበላችሁ ጨብጡ። ዕቃ ልታነሱ ስታጎነብሱ፣ መጀመሪያ ጨብጡ፣ ከዚያ እያስወጣችሁ ተንፍሱና አንሱ። መጀመሪያ ሁልጊዜ ትዘገያላችሁ፣ ፈሰሰ ካላችሁ በኋላ ነው ትዝ የሚላችሁ። ሳምንታት ሲያልፉ ግን እጅ ሳይታዘዝ ዓይን እንደሚከልል በራሱ ይመጣል። እኔ ቤት ውስጥ ከወንበር በተነሳሁ ቁጥር እያሰብኩ ሳደርገው ነው የለመደልኝ።

ስለ መጠጥ። "ካልጠጣሁ አይፈሰኝም" የሚል ሐሳብ ሁላችንም ላይ ይመጣል፣ በተለይ ከቤት ልንወጣ ስንል። ውሃ ሲቀንስ ግን ሽንቱ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ፊኛውን ያቃጥለዋል፣ ፊኛውም ቶሎ ቶሎ ያጣድፋል። ለኢንፌክሽንም በር ይከፍታል። ሐኪም በልብ ወይም በኩላሊት ምክንያት ካልከለከላችሁ በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ያህል በደህና ይጠጣል። ብዙውን ጠዋትና ቀን ጠጡት፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ቀንሱ። ቡና፣ ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥና አልኮል ፊኛን ያነሳሳሉ። ቡናን ጨርሶ ተዉ ማለት ከባድ ነው፣ እኔም አልተውኩም። ለጊዜው የጠዋቷን ብቻ እየጠጣሁ የከሰዓቷን ነው የተውኳት፣ ልዩነቱ ታይቶኛል። አልኮል ግን በሁለት በኩል ነው የሚጎዳው፤ ሽንት ያበዛል፣ ጡንቻውንም ያላላዋል። በሆድ ድርቀት ማማጥም ያንኑ የተሰፋ ቦታ ይጫነዋል፣ ስለዚህ አትክልትና ፍራፍሬ አብዙ፣ እንቢ ካለም ማለስለሻ እንዲያዝላችሁ ጠይቁ። ክብደት ያለው ሰው ትንሽ ቢቀንስ ይረዳዋል። የሚያጨስ ሰው ደግሞ ሳሉ ብቻውን ጠላቱ ነው።

"ለማንኛውም" እያሉ በየሰዓቱ ሽንት ቤት መመላለስም ጥሩ አይደለም። ፊኛው ትንሽ ይዞ መጮህ ይለምዳል። ገና ሳይሞላ የሚያጣድፋችሁ ከሆነ ክፍተቱን በትንሽ በትንሹ አርዝሙት። ማጣደፉ ካልበረደ ደግሞ ለሐኪሙ ለይታችሁ ንገሩት፦ ስስል ነው የሚያመልጠኝ ወይስ ሽንት ቤት ሳልደርስ? ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ለማጣደፉ እንደ ሶሊፌናሲን እና ሚራቤግሮን ያሉ መድኃኒቶች አሉ፣ ሲሳል ለሚያመልጠው ግን እነሱ አይሠሩም።

ፓድን በተመለከተ፣ የወንድ ተብሎ የሚሠራ አለ፣ ከፊት ሰፋ ብሎ ወደ ታች የሚጠብ። እሱ ካልተገኘ የሴት ሞዴስ መጠቀም አያሳፍርም፣ ግን የሞዴስ ዋና ሥራው ደም መያዝ ስለሆነ ሽንት ቶሎ አይመጥም፤ ለሽንት ተብሎ የተሠራው ይሻላል። የውስጥ ሱሪያችሁ ጥብቅ ይሁን፣ ሰፊው ፓዱን ያንሸራትተዋል። ብልታችሁን ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ወደ ጎን ከዞረ ፓዱ ደርቆ ሱሪው ይርሳል። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማንም ቁጭ ብሎ አይነግራችሁም፣ ስለዚህ እኔ ነገርኳችሁ።

ቆዳችሁን ጠብቁ። እርጥብ ፓድ ይዞ መዋል ጭን ሥር ሽፍታና ቁስል ያመጣል። ስትቀይሩ ለስለስ ባለ ሳሙና ታጠቡ፣ ሳታሹ አድርቁ፣ ከዚያ ስስ አድርጋችሁ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ያለበት ቅባት ቀቡ። ብዙ ከቀባችሁ ፓዱ ላይ ተለጥፎ መምጠጡን ይከለክላል። ለረጅም ጉዞ የሚሆን እንደ ኮንዶም የሚጠለቅ፣ ቱቦውም ጭን ላይ ከሚታሰር ከረጢት ጋር የሚገናኝ ነገርም አለ። የብልት መቆንጠጫ የሚባልም አለ። እሱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሐኪም ወይም ነርስ ካላሳያችሁ አትጀምሩት፣ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ይፈታል፣ ተኝቶ በፍጹም አይደረግም። ደም እንዳይዘዋወር ከከለከለ ሌላ ጣጣ ነው።

ከቤት ስወጣ ትንሽ ቦርሳ እይዛለሁ። ቅያሪ ፓድ፣ የውስጥ ሱሪ፣ መጠቅለያ ፕላስቲክ፣ ሶፍት። ብዙ ጊዜ ሳልከፍታት እመለሳለሁ፣ ግን መኖሯ ልብ ይሰጣል። ከቤት አለመውጣት ነው ይህን ችግር የሚያከብደው። መጀመሪያ ሰው ጥሪ ሲጠራኝ ሰበብ እፈጥር ነበር፣ "ሽታ ይኖረኝ ይሆን?" የሚለው ነበር የሚያስጨንቀኝ። ቶሎ የተቀየረ ፓድ አይሸትም። ባለቤቴን ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ፣ እሷ ደግሞ ለማስደሰት ብላ የምትዋሽ ሴት አይደለችም።

ስለ ባለቤት ካነሳሁ አይቀር፣ መኝታ ቤት ውስጥ ያለውንም እንናገረው። ከዚህ ኦፕሬሽን በኋላ ብዙዎቻችን ሁለት ነገር ነው በአንድ ጊዜ የሚገጥመን፤ ሽንት ማምለጥና የብልት መቆም ችግር። በሽንቱ አፍሮ ከሚስቱ አልጋ የሚለይ ሰው አለ። በስሜት ጊዜ ወይም እርካታ ላይ ሲደረስ ሽንት ማምለጡ የታወቀ ነገር ነው፣ ብዙዎች ላይ ይደርሳል፣ ለሚስትም ጉዳት የለውም። ቀድሞ ሽንት መሽናት፣ ፎጣ ማንጠፍ፣ ከተፈለገም ኮንዶም ማድረግ ይረዳል። ዋናው ግን መናገር ነው። እኔ ለሳምንታት ፓዴን ስደብቅ ባለቤቴ ሌላ ነገር ነበር የጠረጠረችው፤ ካንሰሩ ተመልሶ ደብቄያት መስሏት ነበር። ነገሩን ስነግራት "በቃ ይሄ ነው?" ነው ያለችው። ለአቋቋሙም ሕክምና አለ፣ ጠይቁ፣ ሐኪሙ እስኪያነሳው አትጠብቁ።

አንድ ወዳጄ ከኔ በኋላ ተሠርቶ ከኔ በፊት ደረቀ። በስልክ "እኔ እኮ ከወር በኋላ ምንም የለኝም" ሲለኝ ደስ አለኝ ብዬ ብዋሽ ምን ይጠቅማል፣ ቀናሁ። ሐኪሙን ስጠይቀው ልዩነቱ በትጋት ብቻ እንዳልሆነ አስረዳኝ። ዕድሜ አለ፣ ክብደት አለ፣ ከፕሮስቴት በታች ያለችው የሽንት ቧንቧ ርዝመት ሰው ከሰው ይለያል፣ ካንሰሩ ባለበት ሁኔታ ምክንያት ነርቮቹን ማትረፍ የተቻለበትና ያልተቻለበት አለ። ከዚያ በኋላ ጨረር የታከለበት ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። በወር የሚደርቅ አለ፣ በሦስት ወር አለ፣ በዓመቱ የሚደርቅ አለ። አብዛኛው ሰው እስከ አንድ ዓመት ድረስ በጣም ይሻሻላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለውጥ ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ወር ላይ ያላችሁ ሰዎች ገና መሃል ላይ እንኳ አልደረሳችሁም።

ነገር ግን ሁሉንም ለ"ጊዜ" አትተዉት። ሽንት ቤት ገብታችሁ ሽንቱ ቀጭን ክር እየሆነ ከመጣ፣ ካማጣችሁ ወይም የወጣላችሁ ካልመሰላችሁ፣ የተሰፋበት ቦታ ጠቦ ሊሆን ስለሚችል ታዩ። ፊኛው ሳይወጣለት ቀርቶ ሞልቶ ሲፈስም ማምለጥ ይመስላል። ማቃጠል፣ የሽታ መለወጥ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ዛሬ ነገ አትበሉ። ጨርሶ ሽንት እንቢ ካለ ወይም የረጋ ደም ከወጣ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፣ እሱ ድንገተኛ ነው። ሲሻላችሁ ቆይቶ ያለምክንያት በአንዴ ከተመለሰም ምርመራ ያስፈልገዋል።

ከጊዜ ጋር ያልተፈታ ከሆነስ? ስድስት ወር አልፎ ምንም ለውጥ ከሌለና ኑሯችሁን ካወከ ስለ ቀጣዩ መነጋገር ይቻላል፣ ብዙ ሐኪሞች ግን ዓመቱን መጠበቅ ይመርጣሉ። መጠነኛ ለሆነው ስሊንግ የሚባል አለ፤ ከሽንት ቧንቧው ሥር እንደ ጨርቅ ያለ መደገፊያ የሚደረግበት ነው። ብዙ ለሚፈሳቸው ደግሞ ሰው ሠራሽ መዝጊያ አለ። በሽንት ቧንቧው ዙሪያ በፈሳሽ የተሞላ ቀለበት ይደረጋል፣ ቆለጥ ከረጢት ውስጥ ትንሽ ፓምፕ ትቀመጣለች፣ ሆድ ውስጥም የፈሳሽ ማጠራቀሚያ አለ። ሽንት ሲመጣ ፓምፗን ትጫናላችሁ፣ ቀለበቱ ይለቃል፣ ትሸናላችሁ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በራሱ ተመልሶ ይዘጋል። ከተገጠመ በኋላ ወዲያው አይሠራም፣ ቁስሉ እስኪድን ሳምንታት ይጠበቃል። ከዓመታት በኋላ ሊበላሽና ሊቀየር ይችላል። ይህ ያለው ሰው ደግሞ የትም ቦታ ካቴተር ሊያስገቡለት ሲሉ ቀድሞ መናገር አለበት፣ ቀለበቱ ሳይከፈት ከገባ ቧንቧውን ይጎዳል።

እኔ ኦፕሬሽኑን ለጊዜው አልፈለግኩትም። የቀረኝ ጠብታ ነው፣ በስስ ፓድ እየኖርኩ ነው፣ ሌላ ቢላዋ ለዚህ አላየውም። የሚፈሰኝ ቀን በቀን ሱሪ የሚያስቀይር ቢሆን ግን አልጠብቅም ነበር። ይህ ውሳኔ ፓዱን የሚያደርገው ሰው ነው፣ "ዋናው በሕይወት መኖርህ ነው" የሚል ዘመድ ውሳኔ አይደለም።

ገና ኦፕሬሽን የምትጠብቁ ካላችሁ ስፖርቱን ዛሬ ጀምሩ። ጡንቻውን ሳያብጥና ሳይነካ ማግኘት በጣም ይቀላል፣ በኋላ ፍለጋ አትገቡም። ቀጠሮ ስትሄዱም ሐኪሙን ጠይቁት፦ ነርቮቹን ማትረፍ ይቻል ይሆን? ካቴተሩ የሚወጣው መቼ ነው? ፊዚዮቴራፒስት ጋ ትልኩኛላችሁ ወይ? መልሱን ጻፉት፣ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ የሰሙት ነገር ደጅ ሲወጡ ግማሹ ይጠፋል። ከቻላችሁ ሚስታችሁን ወይም ልጃችሁን ይዛችሁ ግቡ።